«ስድስት ነን፣ ማኅበር አይፈቀድላችሁም ተባልን»

ባለፈው እትም ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ስለነበር «በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ላይ አንድ ነገር ቀይሩ ብትባሉ ምኑን ትቀይራላችሁ?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። አቦ እንዲህ ትጽፉልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም! ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመልካ ጀብዱ፣ ከሐረር ጀጎል ሁሉ መጣ፤ ግን አብዛኛው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው የሆነው፣ ሕጉ ይቀየር ከማለቱ በፊት ያለው ሕግ ራሱ ምን እንደሚል ነው ሰው የጨነቀው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ሕጉ ስል አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ማለቴ ነው፣ የድሮውን 377/1996 የሻረው፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደርበት። ሁለት ሦስት ሰው «እርስዎ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል፣ ድሬ ላይ እርስዎ የለም፣ እኔም አንተ አንቺ እያልኩ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ሰላም ነው? ልብስ ስፌት ማሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ማኅበር እናቋቁም ብለን ስም መጻፍ ጀመርንና 34 ሰው ፈረመ። በሳምንቱ ወረቀቱን የያዘችውን ጓደኛዬንና ሌላ አንድ ልጅ «ዲሲፕሊን የላችሁም» ብለው አሰናበቷቸው፣ ደብዳቤው ላይ ስለ ማኅበር አንድ ቃል የለም። ሌሎቻችን ፈራን። ጓደኛዬ ከተባረረች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያስቸኩለው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። ሦስት ወር! ስንቱ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ማናጀሩን ለምኖ፣ «በዓል ይለፍ እንጠራሃለን» ተብሎ ሲጠብቅ ያልፍበታል። የገንዘብ ጥያቄ ስድስት ወር አለው፣ የመመለስ ጥያቄ ግን ሦስት ወሩ ካለፈ በቃ ያልፋል። ስለዚህ ጓደኛሽ ይሄን እንዳነበበች ነገ ሳትል ዛሬ ትሂድ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥራ ክርክር ችሎት፤ ሠራተኛ ለዚህ ክስ ዳኝነት አይከፍልም፣ ስለ ብሩ አትጨነቅ። አንድ ነገር ቀይሩ ብትሉኝ እኔ ይሄን ሦስት ወር ነው የማራዝመው፣ ሥራ ያጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የቤት ኪራይ እየፈለገ እንጂ ጠበቃ እየፈለገ አይደለም የሚያሳልፈው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አንቀጽ 26 አሠሪ ለማሰናበት ምክንያት ሊያደርጋቸው የማይችላቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ የማኅበር አባል መሆን፣ በማኅበር ሥራ መሳተፍ፣ ተወካይ መሆን ወይም ለመሆን መፈለግ፣ አሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ ዘር እያለ ይቀጥላል። በነዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው እመለሳለሁ ካለ መመለስ አለበት፣ አልመለስም ካለ ደግሞ ካሳ አለው፣ የቀን አማካይ ደመወዙ በ180 ተባዝቶ፣ የማስጠንቀቂያውም ጊዜ ክፍያ ይጨመርበታል።

«ደብዳቤው ላይ ግን ማኅበር የሚል የለም» ላልሽው፣ መቼም ማንም አሠሪ «ማኅበር ስላቋቋምሽ አባርሬሻለሁ» ብሎ አይጽፍም። እንዲያውም የጻፈው ነገር ነው የሚጠቅማችሁ። «ዲሲፕሊን የላችሁም» ማለት ብቻውን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። አረፈደች ካለ ሕጉ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ ቀረች ካለ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ይላል፣ ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት መሆን አለበት። ጓደኛሽ ፋይሏ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ ወይ? ምክንያቱንስ በጽሑፍ ዘርዝረውላታል? ደግሞ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ የድሮ ጥፋት ቆፍሮ ማምጣት አይችልም። ፊርማው የተሰበሰበበት ቀንና የስንብቱ ቀን አንድ ሳምንት መራራቁም ራሱ ይናገራል።

የቀራችሁት 32 ልጆች፣ ለማኅበር የሚያስፈልገው አስር ሰው ነው፣ ከበቂ በላይ ናችሁ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የመሪዎች ስም ይዛችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ትመዘገባላችሁ፣ ቢሮው ወረቀቱ ከተሟላለት 15 ቀን ነው ያለው። አደራ ግን ወረቀቱ አንድ ሰው ጋ ብቻ አይቀመጥ። እኔ ራሴ ድሮ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፣ ቃለ ጉባኤያችን በሙሉ አንድ ደብተር ላይ ነበር የተጻፈው፣ ደብተሩ ጠፋና ማን መቼ እንደተመረጠ ማስረዳት አቅቶን ስንት ወር አቃጠልን፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። በስልክ ፎቶ አንሱት፣ አምስት ሰው ጋ ይቀመጥ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ጥበቃ ነኝ። ያስገባኝ ኤጀንሲ ነው፣ የምጠብቀው ደግሞ የሌላ ድርጅት ግቢ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እቆማለሁ፣ በሳምንት ስድስት ሌሊት። ኦቨርታይም ስጠይቅ ኤጀንሲው «ድርጅቱን ጠይቅ» ይላል፣ ድርጅቱ «እኛ አንተን አናውቅህም» ይላል። ጥበቃ ኦቨርታይም የለውም የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም ወንድሜ። የሥራ ሰዓት በቀን 8 በሳምንት 48 ነው፣ ያንተ 12 ሲባዛ በ6 72 ነው የሚመጣው፣ 24 ሰዓት ትርፍ ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ክፍያው ቀርቶ ሺፍቱ ራሱ ከሕግ ውጪ ነው።

ስሌቱን ልሥራልህ። ደመወዝህን ስላልነገርከኝ ለምሳሌ 4,160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር ባማካይ 208 ሰዓት ይመጣለታል፣ ሲካፈል በሰዓት 20 ብር። አንቀጽ 68 ላይ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ነው፣ 30 ብር፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ 35 ብር፤ በሳምንት ዕረፍትህ ቀን በ2፣ 40 ብር፤ በሕዝብ በዓል በ2.5፣ 50 ብር። አንተ ከምሽቱ 12 ጀምረህ ስምንት ሰዓትህ ከሌሊቱ 8 ላይ ያልቃል፣ የቀረው አራት ሰዓት በሙሉ ሌሊት ነው፣ በአንድ ሌሊት 140 ብር፣ በስድስት ሌሊት 840 ብር በሳምንት። ይሄ በየወሩ ከኪስህ የሚወጣ ብር ነው። ግን ልብ በል፣ የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው ይቀራል፣ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ማግኘት አትችልም፣ እያንዳንዱ ወር ሲያልፍ አንድ የድሮ ወር ይወድቅብሃል።

ማንን ልጠይቅ ላልከው፣ የሥራ ውል የፈረምከው ከማን ጋር ነው? ኤጀንሲው ከሆነ የቀጠረህና የሚከፍልህ፣ አሠሪህ እሱ ነው፣ ሌላውን ጠይቅ ማለት አይችልም። ውሉ ኮፒ ከሌለህ የባንክ ስቴትመንትህን አውጣ፣ ደመወዙ ከማን አካውንት እንደሚገባ ያሳያል። የምትገባበትንና የምትወጣበትን የሚያሳየውን የጥበቃ መዝገብም በየወሩ ፎቶ አንሳው። የዓመት ፈቃድም አለህ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ወስጄው አላውቅም ብለህ ነው የጻፍከው፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የድርጅቱ ባለቤት ከወለድሽ በኋላ ሁለት ወር ነው ያለሽ አለኝ። ለባሌስ ፈቃድ አለው?

መልስ፦ ሁለት ወሩ የድሮው አዋጅ ነው፣ ተቀይሯል። አሁን ከመውለድሽ በፊት 30 ቀን ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን፣ በደመወዝ፣ አንቀጽ 88። ለአባትየው ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በእርግዝናሽና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ እንዳትሰናበቺም ሕጉ ይጠብቅሻል፣ ከባድ ጥፋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ካልሆነ በስተቀር። ስምንተኛ ወርሽ ከሆነ ደብዳቤሽን አሁኑኑ አስገቢ። እንኳን በሰላም ያውጣሽ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ብረታ ብረት ቤት ነው የምንሠራው፣ በርና መስኮት እንበይዳለን። ስድስት ነን። ጓንትና መነጽር በራሳችን ብር ነው የምንገዛው። ማኅበር እናቋቁም ስንል አንድ ሕግ አውቃለሁ የሚል ሰው «ከአስር በታች አይፈቀድላችሁም» አለን። ወንድሜ ሜልበርን ነው ያለው፣ እነሱ ጋ ሕጉ ተቀይሮ የትናንሽ ድርጅት ሠራተኞች ከብዙ አሠሪ ጋር ባንድ ላይ እንደሚደራደሩ ነገረኝ። እኛ ጋ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ውስጥ ነው የገባኸው። ሰውየው ግማሹን ነው የነገረህ። አንቀጽ 114 ማኅበር አስር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ይቋቋማል ይላል፣ እውነት ነው፤ ወረድ ብሎ ግን ከአስር በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ ይናገራል፣ አባላቱ በድምሩ አስር ይሁኑ እንጂ። እናንተ ስድስት ናችሁ፣ ከጎናችሁ ያለው በያጅ ቤት አራት፣ ከመንገዱ ማዶ አምስት ቢኖር 15 ሆናችሁ፣ አለቀ።

የአውስትራሊያውን ወንድምህ ልክ ነው የነገረህ። በ2022 በነሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ ላይ የወጣው ሕግ የብዙ አሠሪ ድርድርን በጣም አስፍቶታል፣ ከዚያ በፊት ድርድሩ በአብዛኛው ድርጅት በድርጅት ስለነበር የሕፃናት መዋያና የአረጋውያን እንክብካቤ ዓይነት ትናንሽ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያሉ ሠራተኞች አቅም አልነበራቸውም። በዚያው ሕግ ጊዜያዊ ኮንትራት በአብዛኛው ከሁለት ዓመት እንዳያልፍ ተደርጓል፣ ሠራተኛም ደመወዙን ለጓደኛው እንዳይናገር የሚከለክል ውል ቀርቷል።

ግን ስማኝ፣ የኛ አዋጅም የሠራተኛ ማኅበር ከአንድ ወይም ከብዙ አሠሪዎች ወይም ከአሠሪዎች ማኅበር ጋር መደራደር ይችላል ነው የሚለው። ማለትም አንተ መቼ ይመጣል የምትለው መብት ወረቀት ላይ አለ። የጎደለው አካሄዱ ነው። በኛ ሕግ ማኅበሩ ረቂቁን አያይዞ የድርድር ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባል፣ የተጠየቀው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፣ በቅን ልቦናም መደራደር ግዴታ ነው፤ ካልተስማሙ ወደ አስማሚ፣ ከዚያ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ከሆነ ይሄ ይሠራል። ሦስት አራት በያጅ ቤት ሲሆን ግን ባለቤቶቹን ማን ይወክላል፣ ነገ ጎናቸው የሚከፈት አዲስ ቤትስ ስምምነቱ ይመለከተዋል ወይ የሚለው በደንብ አልተዘረዘረም። ሕጉ ይሻሻል ከተባለ እኔ የምጮኸው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የድሬ ሠራተኛ አብዛኛው ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ አይደለም፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ እንደናንተ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ይቺ ከተማ እኮ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ነው ለገሃር የተባለው ሰፈር የተፈጠረው፣ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት ሲነሱም የባቡር ሠራተኞች ስም ከፊት ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ነው፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መነሻ የሆነው ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመውም በዚያው ዓመት። ማኅበር ለድሬ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ነው።

ጓንቱንና መነጽሩን ደግሞ ማኅበር እስክታቋቁሙ አትጠብቁ፣ የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ በሱ ወጪ። ዓይን እኮ አይተካም አቦ። ዛሬውኑ ጠይቁት፣ እምቢ ካለ ሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው፣ ለሱ አመልክቱ።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ይሄ የምትጽፉት ነገር እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ አዋጅ 1156 የቤት ሠራተኛን አላካተተም፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ ነው ያለፈው። አሁን የምትዳኚው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ እሱም ከአሠሪው ጋር የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋና ክብሯ እንዲጠበቅ ያስገድዳል፣ የተስማማሽበት ደመወዝም በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ግን ስምንት ሰዓት የለም፣ ኦቨርታይም የለም። ከሁሉም ሰው በፊት ተነስቶ ከሁሉም በኋላ የሚተኛ ሰው ነው ሕጉ ያለፈው። ያልተከፈለሽ ደመወዝ ካለ ዝም አትበዪ፣ ስንት እንደተስማማችሁ የሚያውቅ ሰው ስም ያዢ፣ ደላላው ቢሆንም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ እኔ አሠሪ ነኝ፣ ዳቦ ቤት አለኝ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ። ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን እያላችሁ ትጽፋላችሁ። ዱቄት በየጊዜው ይጨምራል፣ መብራት ይጠፋል፣ ደመወዝ በሕግ ከተጨመረብኝ እዘጋለሁ። የኛንስ ማን ይጽፍልናል?

መልስ፦ እኔ እጽፍልሃለሁ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። አንቀጽ 55 ያለው ግን አንድ ሰው ተነስቶ ይሄን ያህል ክፈሉ ይላል አይደለም። የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ነው የሚለው፣ መንግሥት፣ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት የተወከሉበት፣ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና በየጊዜው የሚያስተካክል። አንተም ወንበር አለህ ማለት ነው። አዋጁ በ2011 ሲወጣ የሰማነው ትልቁ ተስፋ ይሄ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉና የግል ሠራተኛው ያለ ዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሲቀጠር ቆየ። የመንግሥት ሠራተኛው እኮ እስኬል (የደመወዝ ደረጃ) አለው፣ በ2017 ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲወጣ የግሉ ሠራተኛ በዜና ነው የሰማው።

ይሄን እያልኩ ያንተን ነገር አልረሳሁም። ሐረር ላይ ዳቦ ዋጋ አንተ እንደፈለግክ አትጨምርም፣ ደንበኛህ ራሱ ያ ደመወዝ ያነሰው ሰው ነው። ስለዚህ ወለሉ በከተማና በሥራ ዓይነት ተለይቶ ይምጣ፣ ቀስ እያለ ይግባ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። ግን ሠራተኞችህ በየሦስት ወሩ እንደሚለቁብህም ጽፈህልኛል፣ አንድ ጋጋሪ ሲሄድና አዲስ ሰው እስኪለምድ የሚቃጠለውንና የሚጣለውን ዳቦ አስልተኸው ታውቃለህ? አንድ ወር አስላውና ጻፍልኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቁጥሩን በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ፣ ቦርዱም መስማት ያለበት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ የማኅበር ሊቀመንበር)፦ ከድርጅቱ ጋር የተፈራረምነው የኅብረት ስምምነታችን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሦስት ዓመቱን ይሞላል። ማኔጅመንቱ «አትጨነቁ፣ አዲስ እስክንፈራረም የድሮው ይቀጥላል» አለን። እንመነው? ልጆቹ ደግሞ አንዳንዱ ሥራ እናቁም እያለ ነው።

መልስ፦ በቃል አትመነው፣ ሰውየው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሕጉ ነው እንደዚያ የማይለው። ስምምነቱ ከማብቃቱ ሦስት ወር በፊት ድርድር መጀመር አለባችሁ፣ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ድርድሩ ካላለቀ ደግሞ ደመወዝና ጥቅማጥቅም የሚመለከቱት አንቀጾች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። የትራንስፖርቱ፣ የሕክምናው፣ የቦነሱ፣ ስንት ዓመት የታገላችሁበት ሁሉ! በኔ እምነት ይሄ በማሻሻያ መነሳት ያለበት አንቀጽ ነው፣ ምክንያቱም ለሚያዘገይ ሰው ሽልማት ይሰጣል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ አሠሪ ጊዜው ሲያልቅ ያሸንፋል። እስኪሻሻል ግን ጊዜውን እናንተ ቁጠሩት፣ ሐምሌ መጨረሻ ከሆነ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መጀመር ነበረባችሁ፣ ዘግይታችኋል ግን አልመሸም።

ሥራ ማቆሙን ልጆቹ በስሜት እንዳያደርጉት አስቁማቸው። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ አብላጫው መደገፍ አለበት፣ ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውም ለሥራና ክህሎት ቢሮም ማሳወቅ አለባችሁ፣ ጉዳዩ ወሳኝ ቦርድ ወይም ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ 30 ቀን ሳይሞላው ማቆም ሕገወጥ ነው። ይሄን ሳታሟሉ ማሽን ካጠፋችሁ ጥያቄያችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ እናንተ ናችሁ ጥፋተኛ የምትባሉት።

አሁን የምታደርገው ይሄ ነው፦ ረቂቃችሁን አያይዛችሁ የድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ ነገ ጠዋት አስገቡ፣ «የድሮው ይቀጥላል» ያለውንም አዲሱ እስኪፈረም እንደሚቀጥል በፊርማ እንዲያረጋግጥላችሁ እዚያው ላይ ጠይቁ። በሁለት ኮፒ ይሁን፣ እናንተ ጋ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ሳያደርግበት ከቢሮው እንዳትወጡ።